የፑል ስቴካ ልገዛ ነው፦ የሜፕል እንጨት ይሻላል ወይስ ካርቦን ፋይበር?

ጠያቂ (ገርጂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ፑል እጫወታለሁ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። ለብዙ ጊዜ የፑል ቤቱን ስቴካ ነበር የምይዘው፤ አምና ግን ብር አጠራቅሜ የራሴን ገዛሁ። ሻጩ «ሜፕል ነው» አለኝ፣ አመንኩት። ለሁለት የሚፈታ፣ መያዣው ጥቁር፣ በጣም የሚያምር ነው።

ሦስት ወር ደስ ብሎኝ ተጫወትኩበት። ከዚያ ክረምት ገባ። ቤት ውስጥ ግድግዳ አስደግፌ ነበር የማቆመው። ነሐሴ ላይ ጠረጴዛው ላይ ሳንከባልለው ጫፉ ከፍ ዝቅ ይላል። ጣሞብኛል። በጣም አዘንኩ።

አሁን የአክስቴ ልጅ ለእንቁጣጣሽ ከሜሪላንድ ይመጣል። «ምን ላምጣልህ?» ሲለኝ ስቴካ አልኩት። «ከምን የተሠራ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ መልስ አጣሁ። ሁለተኛ እንዲጣምብኝ አልፈልግም። የምታውቁ ምከሩኝ።

መልስ 1 (ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ አቅም ካለ ካርቦን። እኔ ድሮ ሜፕል ነበረኝ። እዚህ ክረምቱ በረዶ፣ በጋው ወበቅ ነው፤ እንጨት መኪና ውስጥ ትቼ በገባሁ ቁጥር ልቤ አያርፍም ነበር። ካርቦን በእርጥበት አይጣምም። እጅህ ሲያልበው በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ታደርገዋለህ፣ አለቀ። ፕሬደተር የሚባለው ስቴካ አምራች በ2016 እ.ኤ.አ. ሬቮ የሚባለውን የካርቦን የፊት ግማሽ ካወጣ ወዲህ ብዙ ተጫዋች ወደ ካርቦን ዞሯል።

ዋጋው ግን ከባድ ነው። የፊቱ ግማሽ ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። ደግሞ ለአክስትህ ልጅ ንገረው፦ ስቴካ በእጅ ሻንጣ አውሮፕላን ውስጥ አያስገቡም። ትልቁ ሻንጣ ውስጥ፣ ልብስ መሃል ጠቅልሎ ይክተተው።

መልስ 2 (አናጢ፣ አዲስ አበባ)

እኔ አናጢ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ የስቴካ ጫፍ ላይ የሚለጠፈውን ቆዳ እቀይራለሁ፤ ስለዚህ ብዙ እንጨት በእጄ ያልፋል።

ልጄ፣ በመጀመሪያ «ሜፕል ነው» የተባለው ሁሉ ሜፕል አይደለም። ርካሽ ስቴካ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ራሚን ከሚባል የእስያ እንጨት ነው። ራሚን ገለባ የመሰለ ቀለም አለው። ጥሩ ሜፕል ጠንካራና ከበድ ያለ ነው፤ አንድ ሜትር ኪዩቡ 700 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ገጹ ልስልስ ስለሆነ በጣቶችህ መሃል ሳይንቀራፈፍ ይሄዳል።

ግን ሜፕልም ይጣማል። ዋናው የእንጨቱ መስመር ነው። የፊቱን ግማሽ ወደ ብርሃን ይዘህ እየው። ቀጫጭኖቹ መስመሮች ከጫፉ ሁለቱ ግማሾች እስከሚጋጠሙበት ብሎን ድረስ ቀጥ ብለው መውረድ አለባቸው። መሃል ላይ ወደ ጎን ሾልከው ከወጡ እንጨቱ ገና በመጋዝ ሲሰነጠቅ ተበላሽቷል። የአዲስ አበባ ክረምት ያረጥበዋል፣ በጋው ያደርቀዋል፤ በዚያ በኩል ይጎብጣል። ግድግዳ ማስደገፍ ደግሞ ያባብሰዋል። ፈትተህ ቦርሳው ውስጥ አጋድመው።

ጠረጴዛ ላይ ማንከባለል ብቻ አይበቃም፣ ጠረጴዛውም ያታልላል። አንድ ዓይንህን ጨፍነህ እንደ ጠመንጃ አነጣጥረህ እያዞርክ እየው። ከዚያ በሁለት ጣት አንጠልጥለህ በጣትህ አንጓ ኳ አድርገው። ጤነኛ እንጨት ጥርት ብሎ ይጮኻል። የተሰነጠቀ ድምፁ ይታፈናል።

ካርቦንን አልጠላም። ጥቅሙ አለመጣሙ ብቻ አይደለም። ውስጡ ክፍት ቱቦ ስለሆነ ጫፉ ቀላል ነው። የነጯን ኳስ ቀኝ ጎን ስትመታ ኳሷ ትንሽ ወደ ግራ ትሸሻለች፤ ጫፉ በቀለለ ቁጥር ሽሽቱ ያንሳል። ጎን መምታት የምታዘወትር ከሆነ ልዩነቱን ታየዋለህ። ግን ዓይንህ የለመደውን እርማት ስለሚቀይርብህ መጀመሪያ ላይ ብዙ ኳስ ትስታለህ። ድምፁም ሌላ ነው። እኔ የእንጨቱን ንዝረት መዳፌ ላይ ካልሰማሁ መምታቴን አላምንም።

ለኋላው ግማሽ ጌጥ ብዙ ገንዘብ አታውጣ። ሚዛኑ 540 ግራም አካባቢ፣ ርዝመቱ 147 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ከእንጨቱ እኩል የምትጠነቀቅለት ቆዳው ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ «ስቴካዬ ያንሸራትታል» ብሎ መጣ። ቆዳው እንደ እንጉዳይ ወደ ጎን ተዘርግቶ ጠርዙን አልፏል፣ አናቱ መስታወት ሆኗል። በምላጭ አነሳሁት፣ ሥሩ ላይ የደረቀ ማስቲሽ ነበር። ያንን ፍቄ፣ አዲስ ቆዳ ለጥፌ፣ አናቱን በብርጭቆ ወረቀት አድቦለቦልኩለት። ጠመኔ ቀብቶ አንድ ምት መታና ፊቱ በራ። እንጨቱ ምንም አልነበረበትም።

መልስ 3 (ለንደን)

እኔ ስኑከር ነው የምጫወተው፤ የፑል ዘመድ ነው፣ ኳሱ ግን ያንሳል። እዚህ አብዛኛው ሰው የሚይዘው አሽ ከሚባል እንጨት የተሠራ ስቴካ ነው፤ መስመሩ በግልጽ ስለሚታይ ለማነጣጠር ይረዳል። ጫፉ ግን 9 እና 10 ሚሊ ሜትር መሃል ነው። የፑል ኳስ 57 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 12 ወይም 13 ያለውን ውሰድ።

የስኑከር ተጫዋቹ ስቴፈን ሄንድሪ ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በልጅነቱ በያዘው ርካሽ ስቴካ ነው። ስለዚህ ውድ ካልሆነ ብለህ አትጨነቅ።

ጠያቂ (ገርጂ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አሁኑኑ አውጥቼ አየሁት። መስመሩ ልክ እንዳሉት መሃል ላይ ወደ ጎን ይወጣል። ጋሼ፣ የኋላው ግማሽ ግን ቀጥ ያለ ነው። ቅዳሜ ይዤልዎት ልምጣ?

መልስ 2 (አናጢ፣ አዲስ አበባ)

አምጣው። የኋላው ደህና ከሆነ የፊቱን ብቻ መቀየር ይቻላል። የብሎኑን ውፍረትና ጥርስ ለክቼ እጽፍልሃለሁ፣ ለአክስትህ ልጅ ትልክለታለህ። ያ ካልገጠመ ሜፕልም ካርቦንም አይገባልህም። እስከዚያ ምንም እንዳይገዛ ንገረው።