ጤፍ ይዞ ክረምትን መጠበቅ፦ ንግድ ነው ወይስ ስስት?

የበረንዳው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከታላቅ ወንድሜ ጋር አዲስ አበባ፣ እህል በረንዳ ገበያ ጤፍ እንነግዳለን። ጥር ላይ ከአድአ ያስገባነው 80 ኩንታል ማኛ መጋዘን ውስጥ አለ። አሁን ግንቦት ነው። ወንድሜ እስከ ነሐሴ አንነካውም ይላል። ክረምት ሲገባ የገጠሩ መንገድ ይጨቀያል፤ ገበሬውም የያዘውን ጨርሶ ዘር ላይ ይሆናል። ያኔ ዋጋው እንደሚወጣ ማንም ነጋዴ ያውቃል።

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። አሥራቱን አያስቀርም። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሲቀየር ከሁሉ በፊት ያዋጣው እሱ ነው። "ከትርፉ አሥራት እናወጣለን፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ? ዮሴፍስ ግብፅ ውስጥ እህል አከማችቶ የለም?" ይለኛል። መልስ አጣሁለት።

ግን ሱቁ ውስጥ የማየው ነገር አላስተኛ ብሎኛል። ድሮ ግማሽ ኩንታል ትወስድ የነበረች እናት አሁን አምስት ኪሎ ታስመዝናለች። እሷንም ከሩዝ ጋር ቀላቅላ ልታስፈጫት ነው። መዝኜ ስሰጣት ከኋላዬ ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። እሷም ታየዋለች። እንደ ክርስቲያን ይህን እንዴት ታዩታላችሁ? "ሁሉም ነጋዴ የሚያደርገው ነው" የሚለውን መልስ ግን ተዉልኝ፣ ከበቂ በላይ ሰምቼዋለሁ።

ወልደ ገብርኤል፦
ወንድሜ፣ ከዮሴፍ እንጀምር። ዘፍጥረት 41 ላይ ዮሴፍ እህሉን የሰበሰበው በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ነው፤ ያውም ከአምስት አንዱን እጅ። እህሉ ሞልቶ ተርፎ ስለነበር ከማንም ጉሮሮ አልነጠቀም። ረሃቡ ሲበረታ ደግሞ ጎተራውን ሁሉ ከፈተ። ሉቃስ 12 ላይ ያለው ባለጠጋም አከማችቷል። አልሰረቀም፣ አላጭበረበረም፤ የገዛ እርሻው ፍሬ ነው። ግን ሲያስብ ስሙት፦ ፍሬዬ፣ ጎተራዬ፣ ነፍሴ። በዚያ ሁሉ ዕቅዱ ውስጥ ሌላ ሰው አንድም ቦታ አልገባም። በዚያችው ሌሊት ነፍሱ ተፈለገች።

ምሳሌ 11፥26 ደግሞ በቀጥታ ስለ እናንተ ሥራ ይናገራል። እህልን የሚያስቀር በሕዝብ ዘንድ የተረገመ ነው፣ በረከት ግን በሚሸጠው ራስ ላይ ነው ይላል። በነጻ ካልሰጠህ አላለህም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቀጰዶቅያ ውስጥ ድርቅና ረሃብ ሲገባ፣ ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ጎተራ የዘጉ ባለጠጎችን በዚሁ ቃል ነው የገሠጻቸው። ጎተራህን ለመክፈት ረሃብን አትጠብቅ ይላቸው ነበር። እሱም የተራቡትን ሰብስቦ፣ በትልልቅ ድስት እያስቀቀለ አብልቷል።

አሥራቱን በተመለከተ ማቴዎስ 23፥23ን ለወንድምህ አንብብለት። ፈሪሳውያን ከአዝሙድና ከእንስላል እንኳ አሥራት ያወጡ ነበር። ጌታ ይህን አቁሙ አላላቸውም፤ ፍርድንና ምሕረትን ትታችኋል ነው ያላቸው። ከዚያች እናት ላይ የወሰዳችሁትን ጭማሪ ቆርሳችሁ ሙዳየ ምጽዋት ብትከቱት፣ ለእሷ ምኗም አይመለስም። እኔ ልግስና ገና ሚዛኑ ላይ መጀመር አለበት ባይ ነኝ።

ባለመጋዘን፦
እኔ ወንጌላዊ አማኝ ነኝ፣ ጤፍ የማመጣው ከጎጃም ነው። ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ፤ ነጋዴን ሁሉ ግን በአንድ ዓይን አትዩ። ሁላችንም ጥር ላይ ሸጠን ብንጨርስ ነሐሴ ላይ ከተማው ምን ይበላል? ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፣ የሚቆይ እህል ነው። የሚያቆየው ሰውም ያስፈልጋል። የመጋዘን ኪራይ አለ፣ ጥበቃ አለ፣ የብድር ወለድ አለ። እሱን ጨምሮ መሸጥ ኃጢአት አይመስለኝም።

ስስቱ የሚገባው ደላላው ደውሎ "ትንሽ ያዝ፣ ገና ይጨምራል" ሲልህ ነው። መጋዘኑ ሞልቶ ለገዢው "ጤፍ የለም" ስትለው ነው። አሞጽ 8 ላይ ሰንበት መቼ ያልፋል፣ እህል እንሽጥ፣ መስፈሪያውን እናሳንስ የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። ባነበብኩት ቁጥር የገዛ ገበያችንን ያየሁ ይመስለኛል፣ ያመኛልም። ተሸካሚዎቹንም አትርሱ። ጤፉ ሲወደድ የእነሱ የጀርባ ዋጋ እዚያው ነው። እነሱም ማታ እንጀራ ይገዛሉ።

የጉለሌዋ፦
እኔ ደግሞ ገዢ ነኝ። እንጀራ ጋግሬ ነው ልጆቼን የማሳድገው። ለፋሲካ ዶሮና ዘይት ይዘው፣ ካሜራ አስከትለው ሰፈራችን የሚመጡ አሉ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ተቀብያለሁ። ግን ጤፍ በደህና ዋጋ ዓመቱን ሙሉ ባገኝ ሰልፍ ባልቆምኩ፣ ለጎረቤቴም እኔው በተረፈኝ ነበር። ወንድም፣ የዚያችን እናት ዓይን ማየትህን አትተው።

የበረንዳው ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ ለወንድሜ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና ዘፍጥረትን ራሱ አውጥቶ አነበበ። 30ውን ኩንታል አሁን ባለው ዋጋ በኪሎ እንሽጥ፣ ስለቀረው እንነጋገራለን ብሏል። ስለ ተሸካሚዎቹም ያነሳው እሱ ነው። የፈራው አንድ ነገር ነው፦ ባለሱቆች ሰው እየላኩ ያስገዙብንና መልሰው ያስወድዱታል። ይህን እንዴት ነው የምትከላከሉት?

የጉለሌዋ፦
አስፈጭታችሁ በዱቄት ሽጡት። እኛ ጋጋሪዎች ራሳችን ነፍተን ማስፈጨት ብንወድም በዋጋው ደስ ብሎን እንወስዳለን። ዱቄት እንደ እህሉ ስለማይቆይ ለማከማቸት ብሎ የሚገዛው አይኖርም። ለአንድ ሰው ከአሥር ኪሎ አትለፉ። ወፍጮ ቤቱ ላይ ግን የራሳችሁ ሰው ይቁም፣ እዚያም ይጎድላል።