እቁብ ደርሶኝ ብሩን ምን ላድርገው? እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ልብስ ስፌት ነው የምሠራው። ባለፈው ሳምንት እቁብ ወጣልኝ፣ 150 ሺህ ብር። ባንክ አስገብቼዋለሁ፣ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ቁጠባው በዓመት 7 በመቶ ወለድ ይሰጣል፤ እኔ ደግሞ አምና ከቅዳሜ ገበያ የገዛሁትን ያንኑ ጥቁር ገበርዲን ዘንድሮ ስጠይቅ ዋጋው ከሩብ በላይ ጨምሯል፣ ታዲያ ብሬ በተቀመጠበት እያለቀ አይደል?

ጎረቤቴ መሬት ግዢ ትለኛለች፣ ያለ ካርታ የሚሸጥ ነገር ግን ያስፈራኛል። ወንድሜ አክሲዮን ይላል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ሲሸጥ አንዱ አክሲዮን 300 ብር ነበር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፤ ያኔ አልደፈርኩም። እንደገባኝ አክሲዮን የገዛ ሰው ባለድርሻ ነው፣ ድርጅቱ ሲያተርፍ ድርሻውን ያገኛል፣ ሲከስር ግን ምንም አያገኝም። የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። ድርጅቱ ደህና መሆኑን በምን ልወቅ? የሂሳብ ሪፖርቱ ላይ መጀመሪያ ምኑን ልይ? ድንገት ብር ብፈልግስ ቶሎ ሸጬ መውጣት እችላለሁ?

ለልጄ የመስከረም ክፍያ 30 ሺህ ለብቻ አስቀምጫለሁ፣ እሱን አልነካም። የቀረውን ሦስት አራት ዓመት መታገሥ እችላለሁ። የሞከራችሁ ካላችሁ በራሳችሁ የደረሰውን ንገሩኝ።