ወንድሜ ከስሯል፤ ፍርድ ቤት ቀርቦ መክሰሩን ቢያሳውቅ ምን ይከተላል? (ጅማ)

መምህሩ ከጂሬን

ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜ ጅማ መርካቶ ውስጥ በስሙ የወጣ ንግድ ፈቃድ ያለው የሸቀጣሸቀጥ ሱቅ አለው። ዕዳው አራት ዓይነት ነው፦ ቤቱን ያስያዘበት የባንክ ብድር፣ ለጅምላ ሻጮች «ለዋስትና» ብሎ የፈረማቸው ቼኮች፣ ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ዕቁብ፣ ከዘመድ በቃል የወሰደው ገንዘብ። ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ልኮለታል። መክሰሩን ቢያሳውቅ ዕዳው ይሰረዛል? ይታሰራል? ባለቤቱስ ትጠየቃለች? ዘመዶች ሱቁን ወደ እኔ ስም እንዲያዞረው እየመከሩት ነው። እኔም ለባንኩ ዋስ ሆኜ ፈርሜያለሁና ደመወዜ ያሳስበኛል።

ጠበቃው አጂፕ

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። በእኛ አገር የመክሰር ሥርዓት የነጋዴና የንግድ ማኅበር ነው፤ አሁን የሚሠራበት በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ነው። ደመወዝተኛ «ከስሬያለሁ» ብሎ የሚገባበት በር የለም። ወንድምህ ነጋዴ ስለሆነ ማመልከት ይችላል፤ አንተ ግን ዋስ ሆነህ ብትከፍል እንኳ አትችልም።

ውሳኔው ስለተሰጠ ብቻ ዕዳ አይሰረዝም። ፍርድ ቤቱ ንብረት ጠባቂ ይሾማል፣ ባለዕዳው ንብረቱን እንደልቡ ማስተዳደሩ ይቀራል፣ ገንዘብ ጠያቂዎች ተመዝግበው የተገኘውን ይካፈላሉ። መያዣ ያለው ባንክ ከቤቱ ዋጋ ቀድሞ ይወስዳል። በአዲሱ ሕግ ከመክሰር በፊት ንግዱን መልሶ የማደራጀት መንገድም አለ። ሱቁ አሁንም ገበያ ካለው በዚያ መጀመር ይሻላል፤ መደርደሪያው ባዶ ከሆነ ግን ጊዜ ማባከን ነው።

የሚያስቸኩለው ማስጠንቀቂያው ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በውሉ ላይ ሥልጣን ከተሰጠው፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ ይሸጣል። ብዙ ሰው በእግድ አስቆማለሁ ብሎ ቀኑን ይጨርሳል። በዚህ ዓይነት ሽያጭ ላይ እግድ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው፤ ባንኩ የሐራጁን ሥርዓት ጥሶ ጉዳት ካደረሰ የሚቀረው በአብዛኛው የካሣ ክስ ነው። በሁለተኛው ጨረታም ገዢ ካልመጣ ባንኩ ለመጀመሪያው ጨረታ በተገመተው ዋጋ ራሱ ሊረከበው ይችላል። ስለዚህ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ወይ የብድር ማራዘሚያ በጽሑፍ ይጠይቅ፣ ወይ ገዢ ራሱ ፈልጎ በባንኩ ፈቃድ ይሽጥ። ከዕዳው የተረፈው የእሱ ነው፤ ከጎደለ ግን ባንኩ ቀሪውን ይጠይቃል።

ሱቁን ወደ አንተ ስም ማዞሩን ተዉት። ገንዘብ ጠያቂዎች እነሱን ለመጉዳት የተደረገን ዝውውር በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1995 ሊቃወሙ ይችላሉ፣ አንተም ተከሳሽ ትሆናለህ። ሊከስር የተቃረበ ነጋዴ ንብረት ሲያሸሽ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ወንጀል ይሻገራል። ዘመድን ቀድሞ መክፈልም እዚያው ጣጣ ውስጥ ያስገባል፤ በመክሰር ጊዜ መጀመሪያ የሚመረመረው እንዲህ ያለ ክፍያ ነው።

የባንክ ቤት ሰው

እስር ካለ ከቼኩ ነው የሚመጣው። ዕዳ መክፈል ስላቃተው ብቻ ማንም አይታሰርም፤ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 11 ይህንኑ ይላል። በቂ ስንቅ (በሒሳቡ ውስጥ የሚከፈልበት ገንዘብ) የሌለው ቼክ ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ሆን ተብሎ ከተፈረመ እንደ ክብደቱ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል። «ለዋስትና ነው የሰጠሁት» ማለት በፖሊስ ጣቢያ ብዙ አያስኬድም። ወደፊት የሚመጣ ቀን መጻፍም አያድንም፤ ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ስለሆነ ባለቼኩ ዛሬ ባንክ ሊወስደው ይችላል።

ስለዚህ ከጅምላ ሻጮቹ ጋር የሚደረገው ድርድር ይቅደም። የክፍያ ስምምነት ሲጻፍ የእያንዳንዱ ቼክ ቁጥር ይጠቀስ፣ ዋናው ቼክ ይመለስ። ስምምነት ተፈርሞ ቼኩ ሻጩ መሳቢያ ውስጥ ከቀረ ምንም አልተሠራም።

ወይዘሮ ሕግ

ጠበቃው በነገረህ ላይ ልጨምር፤ ዋስትናው ላይ ፈጥኖ አልፏል። የዋስትና ውልህን አውጥተህ ሁለት ቦታ ተመልከት። አንደኛ፣ ዋስ የሆንክበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ተጽፏል? ካልተጻፈ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ውሉ ዋጋ የለውም። ሁለተኛ፣ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል አለ? ካለ ባንኩ ቤቱን ሳይሸጥ በቀጥታ ወደ አንተ መምጣት ይችላል። ከከፈልክ ግን በባንኩ እግር ተተክተህ ወንድምህን ትጠይቃለህ፤ ደረሰኝ ያዝ።

ደመወዝህ ሁሉ አይወሰድም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 404 ሁለት ሦስተኛው የተጠበቀ ነው፤ ከ9,000 ብር ላይ ቢበዛ 3,000 ነው የሚነካው። ከወንድምህም የማይወሰድ አለ፦ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ አልጋና መኝታ፣ የሦስት ወር ምግብና ለኑሮ የሚያስፈልግ ገንዘብ፣ የሙያ መሣሪያ። የልብስ ሰፊ መኪና መሣሪያ ነው፤ ሱቅ ያለው ስኳርና ዘይት ግን ሸቀጥ ስለሆነ ይያዛል። መኖሪያ ቤትም ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ባለቤቱን በተመለከተ፣ ለቤተሰብ ኑሮ የተወሰደ ዕዳ የሁለቱም ነው። ቤቱ የጋራ ከሆነ የመያዣ ውሉ ላይ ፊርማዋ መኖሩን አረጋግጡ፤ ከሌለ የምትቃወምበት የጊዜ ገደብ ስላለ አትዘግይ።

የቃል ብድሩ ላይ፦ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ ቃልና መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም። ይህን አውቆ መካድ የሕሊና ጉዳይ ነው፤ አሁን ተቀምጦ ያለፈ ቀን የተጻፈበት የብድር ወረቀት መፈረም ግን ሐሰተኛ ሰነድ ነው፣ በጭራሽ። የዕቁቡ ይለያል፤ እዚያ የተፈረመ ወረቀትና ዋስ አለ። የዕቁቡን ዳኛ ቀድሞ ማነጋገርና የቀረውን በየሳምንቱ እንዲከፍል በጽሑፍ መስማማት ዋሱን ከክስ ያድናል።

መምህሩ ከጂሬን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማመልከቻውን የት ነው የምናስገባው? ምን ይዘን እንሂድ?

ጠበቃው አጂፕ

የመክሰር ጉዳይ የሚቀርበው ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። እዚህ የችሎቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነውና አቤቱታው በዚያ ይጻፍ፤ አማርኛ ብቻ የሚናገር በችሎት አስተርጓሚ ይመደብለታል። የገንዘብ ጠያቂዎቹን ስም፣ አድራሻ፣ የዕዳ መጠንና የመክፈያ ቀን የያዘ ዝርዝር፣ የንብረት ዝርዝር ከግምት ዋጋው ጋር፣ የሒሳብ መዝገብ፣ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የብድርና የመያዣ ውሎች፣ የደረሱትን መጥሪያዎች ያዙ። ብዙ ማመልከቻ የሚሰናከለው ዕቁቡና የዘመድ ዕዳው ከዝርዝሩ ስለሚቀር ነው። አንድ ዕዳ ተደብቆ ከተገኘ ቀሪውን ማንም አያምንም።

በመካከሉ ሌላ ክስ ከመጣ መጥሪያ አትናቁ። ባልቀረበበት ከተፈረደበት ማስነሳት የሚችለው ማወቁን ተከትሎ ባለው አንድ ወር ውስጥ ነው፤ በቂ ምክንያትም ማሳየት አለበት። ሱቁን ቆልፎ ዝም ማለትም መፍትሔ አይደለም፤ ፈቃዱ ካልተመለሰ ግብሩ መቆጠሩን ይቀጥላል። ለጠበቃ አቅም ከሌለ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጥ እዚያ ጠይቁ።

ማስጠንቀቂያው በእጁ የደረሰው መቼ ነው? በፊርማ ነው የተቀበለው?