ለወረዳው የምናስገባው ማመልከቻ፦ ዜብራውና ፍርስራሹ

ጸሐፊ፦ የመንገዳችን ባለሱቆች፣ ረቂቁ ይኸው። ሁለት ነገር ነው። በራችን ላይ የነበረው ዜብራ መንገዱ ሲቆፈር ጠፍቷል፤ ከፍ ተደርጎ ይመለስልን። ከጀርባችን የሚፈርሱት ቤቶች ደግሞ ሳይታጠሩ አይነኩ፣ ቀኑም ከሳምንት በፊት ይነገረን። የሕንፃ አዋጁ 624/2001 የወጣው ለሕዝብ ጤናና ደኅንነት ነው፤ እሱን ጠቅሻለሁ። አስተያየት እስከ ረቡዕ።

ፋርማሲ፦ ፍጥነትም ይግባ። በሰዓት 30 የሚሄድ መኪና የገጨው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ በ50 ከሆነ የመትረፍ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። እዚህ አዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። የዓድዋ መታሰቢያ የካቲት 2016 ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ የሚያቋርጠው ሰው ስንት እጥፍ ሆኗል።

ልብስ ስፌት፦ ጥጉ ላይ የቀረችውን ግድግዳ አያችኋት? ሰማያዊ ቀለሟ ከነካላንደር ምስማሩ እንዳለ ነው። ፌሮው ወደ መንገዱ ወጥቶ በሕፃን ዓይን ትክክል ቆሟል። ትናንት የአንዲት እናት ነጠላ ይዞ ቀደደው። ቆርቆሮው ወድቆ እግረኛው አስፋልት ላይ ከሚኒባስ ጋር እየተጋፋ ነው።

ወርቅ ቤት፦ እስማማለሁ። ግን በየትኛው ማኅተም ነው የሚወጣው? የእኛው ዛሬም «ቀበሌ» ነው የሚለው። ቀበሌ ቀርቶ ወረዳ ከሆነ ስንት ዘመኑ። መዝገብ ቤት ይመልሱታል።

ጸሐፊ፦ ባለፈው ተቀብለውናል።

ወርቅ ቤት፦ ባለፈው የጠየቅነው የቆሻሻ ገንዳ ነበር። ይሄ የሱቃችን ጉዳይ ነው። በአሮጌ ማኅተም ሄደን ሕጋዊ አይደላችሁም ብንባልስ?

ጫማ ቤት፦ ለማኅተም ብለን አዋጥተን አልነበረም እንዴ? እኔ 500 ብር ከፍያለሁ።

ኤሌክትሪክ ዕቃ፦ እኔም።

ሒሳብ ያዥ፦ የተዋጣው ለጥበቃ ደመወዝ ዋለ። ደረሰኙ እጄ ላይ አለ።

ወርቅ ቤት፦ ማን ፈቅዶ?

ሒሳብ ያዥ፦ ስብሰባ ስንጠራ ስላልመጣህ ነው የማታውቀው። ሌባ ልትለኝ ከሆነ በግልጽ በለኝ።

ወርቅ ቤት፦ ጠየቅኩ እንጂ ሌባ አላልኩም። ለምን እንደዚህ ትቆጣለህ?

ፋርማሲ፦ ዜብራው?

ጫማ ቤት፦ ቆይ፣ መጀመሪያ የገንዘቡ ነገር ይለይ።

ፎቶ ቤት፦ ልጆቼ፣ ረጋ በሉ። ይህ ቤት በአዋጅ 47 በ1967 ሲወረስ አባቴ ተከራይ ነበሩ፤ እኔም እዚሁ አረጀሁ። ስንት ማኅተም ሲቀየር አይቻለሁ። ሒሳብ ያዡ ደረሰኙን ቅዳሜ ያሳይ፣ ወርቅ ቤትም ቅር አይበልህ።

ወርቅ ቤት፦ እሺ ጋሼ፣ ለእርስዎ ስል። አዲሱን ማኅተም እኔ በራሴ ወጪ አስቀርጻለሁ።

ሒሳብ ያዥ፦ ይቅርታ፣ ተናድጄ ነው።

ጸሐፊ፦ የእግረኛ መንገዱን ለክቶ ፎቶ የሚያነሳው ኤሌክትሪክ ዕቃ ነበር። ወንድሜ፣ የት ደረሰ?

ጸሐፊ፦ ኤሌክትሪክ ዕቃ?

ቡና ቤት፦ ዛሬም ሱቁን አልከፈተም። እኔ የምለው ግን፣ ወረዳ ከገባን አይቀር የራሳችንን ለምን አንጠይቅም? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 ካሳ በቅድሚያ ይከፈል ይላል፤ እሱ ግን ንብረት ላለው ነው። አብዛኞቻችን የቀበሌ ቤት ተከራይ ነን። በመጋቢት 2016 ቤታቸው ፈርሶ ከሠራተኛ ሰፈርና ከዶሮ ማነቂያ የተነሡትን አይተናል፤ ደንበኞቼ ነበሩ፣ ዛሬ የት እንዳሉ አላውቅም። ምትክ ሱቅ ይጻፍ፣ አንደኛ ሆኖ።

ጫማ ቤት፦ ይሄ ነው ነገሩ! የጭነት ማውረጃ ሰዓትም ይጨመር። ጠዋት አይሱዙ ማቆም አልቻልንም።

ፋርማሲ፦ አይሱዙው የሚቆመው እኮ ዜብራው በነበረበት ቦታ ላይ ነው።

ጫማ ቤት፦ ታዲያ ዕቃዬን በጀርባዬ ላምጣ?

ጸሐፊ፦ እሺ። አሁን ያለው ቅደም ተከተል፦ ምትክ ሱቅ፣ የጭነት ሰዓት፣ ከዚያ አጥርና ዜብራ በአንድ አንቀጽ። ፍጥነቱ ወጥቷል፣ ገጹ አልበቃም። ማኅተሙ እንደደረሰ ይገባል።

ፋርማሲ፦ እኔ ለዚህ አልነበረም የምፈርመው። አስብበታለሁ።

ልብስ ስፌት፦ ፌሮው ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬበታለሁ፣ በልጆች ቁመት። ማታ መብራት ከሌለ ግን አይታይም፤ በዚያ በኩል ልጅ የምትልኩ በወዲያኛው ጎን እንዲሄዱ ንገሯቸው።