ጎርፉ ጋቢዮኑን አልፎት ሄደ፤ ለሚመጣው ክረምት ምን ብናደርግ ይሻላል?

የኮረብታው ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የተወለድኩባት ቀበሌ በደቡብ ወሎ ደጋማ ክፍል የምትገኝ ስትሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከወረዳው ከተማ የሚያገናኛት የጠጠር መንገድ ተሠርቶላታል። ወላድን በቃሬዛ ተሸክሞ ግማሽ ቀን መጓዝ ቀርቷልና መንገዱን የሚያማርር ሰው የለም። ይሁን እንጂ ቀድሞ በተራራው ላይ ተበታትኖ ይወርድ የነበረው የክረምት ውኃ አሁን በመንገዱ ዳር ቦይ ተሰብስቦ፣ በአንድ ቱቦ በኩል ተሻግሮ በአጎቴ ማሳ ላይ ይራገፋል። በመጀመሪያው ክረምት ልጅ የሚዘላት ስንጥቅ ነበረች፤ ዛሬ ሰው ቆሞ ቢገባባት ከላይ የማይታይባት ቦረቦር ሆና ወደ ላይ መንገዱን፣ በጎን ደግሞ የትምህርት ቤቱን አጥር እየተጠጋች ነው።

በአሜሪካና በዐረብ አገራት የምንኖር ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተን አምና 3 የጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ክትሮች አሠርተን ነበር። ነሐሴ ላይ አንዱ ተገለበጠ፤ ሁለቱ እንደ ቆሙ ሲቀሩ ውኃው በጎናቸው ያለውን አፈር በልቶ አልፏል። በዚህ ምክንያት ማኅበራችን ውስጥ ሁለተኛ ብር አናወጣም የሚሉ በርክተዋል። የቀረችንን ገንዘብ በተጨማሪ ጋቢዮን ላይ እናውላት ወይስ ሌላ መላ አለ? ሥራውን የምታውቁ ብትመክሩኝ ውለታ አለብኝ።

አፈርና ውኃ

ወንድሜ፣ በተፋሰስ ልማት ሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ ስለ ቆየሁ ከገለጻዎ ብቻ ሁለት ነገር መገመት እችላለሁ። ውኃው ክትሩን በጎን የሚዞረው አብዛኛውን ጊዜ የክትሩ ሁለት ክንፎች በቦረቦሩ ግድግዳ ውስጥ በበቂ ጥልቀት ተቆፍሮላቸው ሳይቀበሩ ሲቀሩ፣ ወይም የክትሩ አናት ከዳር እስከ ዳር እኩል ሆኖ መካከሉ ላይ ዝቅ ያለ የውኃ ማለፊያ ሳይተውለት ሲቀር ነው። የተገለበጠው ደግሞ ከአናቱ የሚወርደው ውኃ ከሥሩ ያለውን አፈር ጠርጎ ስለ ወሰደበት ይሆናል፤ ውኃው በሚያርፍበት በኩል ድንጋይ መነጠፍ ነበረበት። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ችግሩ ይብሳል፤ ዋልካ በበጋ እየተሰነጠቀ፣ በክረምት እያበጠ ከበድ ያለ ግንባታን አያስቀምጥም። ርቀታቸውም ቢሆን በዘፈቀደ የሚወሰን አይደለም፤ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር በቁመት እንዲተካከል ተደርጎ ካልተደረደረ በመካከል የቀረው ተዳፋት እንደገና ይቦረቦራል።

ይህ ሁሉ ግን ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ሥራ ከተራራው አናት ይጀመራል። ላይኛው ተዳፋት እርከንና ትሬንች (ውኃ አቁሮ የሚያሰርግ ቦይ) ተሠርቶለት ውኃው እዚያው ካልሰረገ፣ ታች የሚደረደር ድንጋይ ሁሉ የአንድ ክረምት ዕድሜ ነው ያለው። የቦርከና ግድብ ግንባታው ሳይጠናቀቅ በደለል እንደ ተሞላ ወሎ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የጎንደር ከተማ የምትጠጣበት የአንገረብ ግድብም ላዩ ባለመጠበቁ በደለል ተቸግሯል።

የቱቦ አፍ

እኔ የመንገድ መሐንዲስ ነኝና ጥፋቱን ከእኛ ሙያ ልጀምር። ብዙ የገጠር መንገዶች ሲነደፉ የሚታሰበው ውኃው መንገዱን እንዳይጎዳ ነው፤ ቱቦውን ካለፈ በኋላ የት እንደሚሄድ የሚጠይቅ አልነበረም። እርስዎ ዘንድ የሆነውም ይኸው ይመስለኛል። ቦረቦሩ ወደ ላይ እየበላ መንገዱ ጋር ሲደርስ ቱቦውም መንገዱም አብረው ስለሚወድቁ፣ ለወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት ስታመለክቱ «የገበሬ ማሳ ተጎዳ» ከማለት ይልቅ «መንገዱ ሊቆረጥ ነው» ብትሉ ቶሎ ትሰማላችሁ። (ይህን ስጽፍ ራሴም አፍራለሁ፣ ግን እውነት ነው።)

መፍትሔው የአንዱን ቱቦ ውኃ ለሦስትና ለአራት ከፋፍሎ ማሻገር፣ የእያንዳንዱን መውጫ በድንጋይ መንጠፍ፣ ከተቻለም ውኃውን ወደ ኩሬ ወይም ወደ ግጦሽ መሬት መርቶ ማስረግ ነው። በትግራይና በአማራ ክልል የመንገድ ውኃ በዚህ መልክ ተጠልፎ ለጉድጓድና ለመስኖ የዋለባቸው ቦታዎች አሉ።

የልማት ጣቢያ

ከላይ የተጻፈው ልክ ነው፤ ነገር ግን መሬቱ ሲጠበቅ የሚበቅለው ሣር የማን እንደሚሆን ማንም አላነሳም። በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ወሎ ውስጥ በእህል ለሥራ ብዙ እርከን ተሠርቶ፣ ብዙ ችግኝ ተተክሎ ነበር። በ1983 ሥርዓቱ ሲለወጥ በየቦታው እርከኑ ፈረሰ፣ ዛፉም ተቆረጠ፤ ገበሬው የእኔ አላለውምና። በአንጻሩ የትግራዩን አብርሃ ወአጽብሓ ብንመለከት፣ ተራራውን ከግጦሽ ከልለው ውኃ በማስረጋቸው የደረቀ የጉድጓድ ውኃ ተመልሶላቸው እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አግኝተዋል።

ስለዚህ ከጋቢዮኑ በፊት የመተዳደሪያ ደንብ ጻፉ። ቦረቦሩ ውስጥ የዝሆኔ ሣርና ሰስባንያ የተባለው ቁጥቋጦ ሐምሌ ላይ ቢተከል በሁለት ዓመት ድንጋዩን ይዞ ያቆመዋል፤ ሣሩን አጭዶ የሚወስደው ማን እንደ ሆነ ካልተወሰነ ግን በመስከረም ከብት ይጨርሰዋል።

ባለ ሁለት ፍየሏ

ሁላችሁም ከልክሉ ትላላችሁ። እናቴ መሬት የላትም፤ ያሏት ሁለት ፍየሎች ናቸው። በሰፈራችን ተራራው ሲከለል ሣሩ በመሬት ስፋት ተከፋፈለና መሬት የሌለው ባዶ እጁን ቀረ፤ በሌሊት ፍየል እየነዱ የገቡትም እነዚያው ናቸው። ደንብ ስትጽፉ ከቤተሰብ ቁጥር ነው እንጂ ከማሳ ስፋት አትነሡ።

የኮረብታው ልጅ (ጠያቂ)

እጅግ አመሰግናለሁ። ለአጎቴ ደውዬ የክትሩ ክንፍ ግድግዳው ውስጥ ስንት ክንድ እንደ ገባ ጠይቄው ነበር፤ «ምን ክንድ፣ ግድግዳውን ነክቶ ነው የቆመው» አለኝ። ሣሩን በሚመለከት ደግሞ አምና ራሱ ሁለት በሬዎቹን እዚያው እንዳበላ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ገንዘቡን እስከ ጥር የተፋሰስ ዘመቻ ድረስ ላለመላክ ተስማምተናል፤ እስከዚያው ከቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር ሆኖ ደንቡን የሚያረቅ ሰው እንመርጣለን፤ ለመንገድ ጽሕፈት ቤቱም ማመልከቻ እንጽፋለን። «የቱቦ አፍ» ፈቃድዎ ከሆነ ረቂቁን ልልክልዎትና ቢያርሙልኝ።

የቱቦ አፍ

ይላኩልኝ። ከቱቦው አፍ እስከ ቦረቦሩ ጫፍ ያለውን ርቀት በሜትር አስለክተው ይጻፉበት፤ በየወሩ እየለካ ቀኑን የሚመዘግብ አንድ ተማሪ ቢኖር ደግሞ ከማመልከቻው የበለጠ ይናገራል።