አፍንጫዬ ውስጥ ስጋ በቅሏል ተባልኩ፣ ግድ ይቆረጣል?

የጅማው ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ምክር ፈልጌ ነው። አፍንጫዬ ከተደፈነ 8 ወር ሆነኝ፣ ማታ በአፌ ስተነፍስ አድሬ ጉሮሮዬ ደርቆ ነው የምነሳው፣ ሽታማ ጭራሽ ጠፍቷል። እሁድ እማዬ ቡና ቆልታ ምጣዱን አፍንጫዬ ስር ስታመጣው ጭሱ አይኔን አቃጠለኝ እንጂ ምንም አልሸተተኝም፣ በጣም ከፋኝ። ክሊኒክ በባትሪ አይተው "ስጋ ነው ይቆረጣል" አሉኝ። እስካሁን የፋርማሲ መክፈቻ ጠብታ ነው የምጠቀመው፣ ወር አልፎኛል። ያለ ኦፕራሲዮን የዳነ አለ?

ባለ አስሙ፦
አይዞህ ወንድሜ፣ እኔም ነበረብኝ፣ ፖሊፕ ይባላል። የኔ በሁለቱም በኩል ነበር፣ የተላጠ ወይን ነው የሚመስለው፣ ሲነካ እንኳን አያምም። በየቀኑ የሚነፋ የስቴሮይድ ስፕሬይ ሰጡኝ፣ ለውጡ የመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው ስለዚህ በ3 ቀን አልሰራም ብለህ እንዳትጥለው። በኋላ በካሜራ ኦፕራሲዮን ወጣልኝ፣ ግን ስፕሬዩን ስላቆምኩ በ2 አመቱ ተመልሶ በቀለ።

ሲስተር ከጎንደር፦
አንገት በላይ ክፍል ነው የምሰራው። ወንድሜ ያንን ጠብታ ዛሬውኑ አቁም! ከ5 ቀን ካለፈ ራሱ መልሶ ይደፍናል። በባትሪ ብቻ ታይቶ ደግሞ ይቆረጣል አይባልም፣ ስንቱ "ስጋ በቀለብኝ" ብሎ መጥቶ ማንም ሰው ያለው የአፍንጫ የውስጥ ስጋ በአለርጂ አብጦ እናገኘዋለን። በካሜራ መታየት አለበት። ስፕሬይ ከታዘዘልህ አንገትህን ትንሽ ደፋ አርገህ ጫፉን ወደ ጆሮህ አቅጣጫ አዙረው፣ መሀል ግድግዳውን ከመታኸው ይነስርሃል። በአንድ በኩል ነው በሁለቱም?

የጅማው ልጅ፦
ግራው ጠብታ ሳደርግበት ይከፈታል ሲስተርዬ፣ ቀኙ ነው ፈጽሞ የማይከፈተው። በሱ በኩል አልፎ አልፎ ይነስረኛል፣ ከጠብታው መስሎኝ ነበር

ሲስተር ከጎንደር፦
እንደዛ ከሆነ ስፕሬይ እየሞከርክ አትቆይ። በአንድ በኩል ብቻ ሆኖ የሚነስርን ነገር ተራ ፖሊፕ ነው ብለን አናልፈውም። ኢንቨርትድ ፓፒሎማ የሚባል አለ፣ ካንሰር ሳይሆን አጥንት እየገፋ የሚሄድ፣ አንዳንዴም ወደ ካንሰር የሚለወጥ። ከሲቲ ስካን በፊት ማንም እንዳይቆርጥልህ፣ በተለይ በአስራዎቹ እድሜ ያለህ ወንድ ከሆንክ ከደም ስር የተሰራ እጢ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ከተነካ ደሙን ማቆም ከባድ ነው። ከሲቲው በኋላ ከስጋው የሚወሰደው ናሙና ፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት ላብራቶሪ) ይሂድ። በዚህ ሳምንት ሪፈር አጽፍ እባክህ።

የጅማው ልጅ፦
19 አመቴ ነው። ነገ ጠዋት ከእማዬ ጋር እንሄዳለን፣ ሲቲው እንደወጣ እዚሁ እጽፋለሁ