ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይ ነኝ፤ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው። አከራዬ ቤቱን ሊሸጠው ነው። ገዢዎች እየመጡ ያያሉ፤ ዋጋውን ሲሰሙ "እናስብበት" ብለው ይሄዳሉ። ካርታው ገና እጁ ስላልገባ በባንክ ብድር የሚገዛ አይደፍርም። በካሽ የሚገዛ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም።

ግራ ያጋባኝ አሁን ያመጣው ሐሳብ ነው። "እስኪሸጥ ቆይ፤ ግን ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ኪራይ እንጻፍ፣ ልዩነቱን በእጅ ትሰጠኛለህ" አለኝ። የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያም ይፈልጋል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ አይፈቅድም። ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ መመዝገብም አለበት። ይህን ስነግረው "እንግዲያው ሌላ ቤት ፈልግ" ነው መልሱ። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እሱም ብር ቸግሮታል።

ኮዬ ፈጬ ይረክሳል የሚሉኝ አሉ። ግን ሥራዬ መገናኛ ነው፤ ከኪራይ የተረፈውን ታክሲው ይበላዋል። የደላላው ኮሚሽን ሳይቆጠር ማለት ነው።

የገጠማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። እውነተኛውን ኪራይ ካስመዘገብኩ በኋላ ቤቱ ቢሸጥ፣ አዲሱ ባለቤት ለመልቀቂያ ስንት ጊዜ ይሰጠኛል? በእጅ የከፈልኩት ገንዘብስ ነገ ጭቅጭቅ ቢመጣ በምን ይረጋገጣል? የልጄ ትምህርት ቤት እዚሁ ሰፈር ነው፤ ስለዚህ ከመስከረም በፊት መወሰን አለብኝ።